ጎራዴ የታጠቀው አይጥ

ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ባለፈው ክረምት ስትመጣ፣ ሻንጣው ሲከፈት እንደ ወጉ ሁላችንም ዙሪያውን ከበን ቆመን ነበር። ጫማ ይወጣል፣ ቫይታሚን ይወጣል፣ የእማዬ የጉልበት ቅባት ይወጣል እያልን። ቅባቱ ወጣ። ከቅባቱ ሥር የእህቴ ልጆች አንብበው የጨረሱት፣ ጠርዙ የተላላጠ፣ እንደ ጡብ የወፈረ መጽሐፍ ወጣ። ሽፋኑ ላይ አይጥ አለ። አይጡ የመነኩሴ ቀሚስ ለብሷል፤ ጎራዴ ይዟል።

«ይሄ ለትንሿ ነው» አለች እህቴ። «ማታ ማታ ታነብላታለህ። ድፍረት ያስተምራል።»

ትንሿ የሰባት ዓመቷ ልጄ ናት። እሷ በዚያ ሰዓት ዓይኗ ያረፈው መጽሐፉ ላይ ሳይሆን የሻንጣው ቁልፍ ላይ ነው፤ ቁልፉ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ቃጭል ነበረች። ቁልፉን መለሰች፣ ቃጭሏን ወረሰች።

እማዬ መጽሐፉን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ለዓይኗ ሕክምና ከመንዝ መጥታ፣ ሕክምናው ካለቀ አራት ወር ቢሆነውም «ነገ እሄዳለሁ» እያለች እኛው ጋ ያለች ሴት ናት። ዓይኗ አሁን ደህና አድርጎ ያያል። «ከአሜሪካ ድረስ አይጥ ተሸክመሽ መጣሽ?» አለች። «እዚህ ጠፍቶ?»

መጽሐፉ «ሬድዎል» ይባላል። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ደራሲው ብራያን ጄክስ ሊቨርፑል ውስጥ በመኪና ወተት የሚያመላልስ ሰው ነበር። ወተት ከሚያደርስባቸው ቦታዎች አንዱ የዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት ነው። እየቆየ ለልጆቹ መጽሐፍ ማንበብ ጀመረ፤ የሚያነብላቸው ግን አላረካውም። ስለዚህ ራሱ ጻፈላቸው። ጽሑፉን ያየ የቀድሞ አስተማሪው ሳይነግረው ለአሳታሚ አሳየበት፤ ከዚያ ወዲያ ተከታታዩ 22 መጽሐፍ ደረሰ። አንባቢዎቹ ይሆናሉ ያላቸው ልጆች ዓይነ ስውራን ስለሆኑ፣ መጽሐፉ ውስጥ ሁሉ ነገር ይሸታል፣ ይቀመሳል፣ ይዳሰሳል። በተለይ ይበላል። አንድ ጦርነት ለማንበብ ሦስት ግብዣ ማለፍ ግድ ነው።

ፈረንጆች የጫካ እንስሳ ታሪክ ሲጽፉ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ለአንድ ልጅ ብለው ይጀምሩታል። ቢያትሪክስ ፖተር ፒተር የተባለውን ጥንቸል መጀመሪያ የጻፈችው እ.ኤ.አ. በ1893፣ የታመመ የአምስት ዓመት ልጅ ለማጽናናት በላከችው ደብዳቤ ላይ ነው። ሪቻርድ አዳምስም «ዎተርሺፕ ዳውን» የተባለውን የጥንቸሎች ስደት ታሪክ መኪና እየነዳ ሁለት ሴት ልጆቹ እንዳይሰለቻቸው ሲያወራላቸው ነው የጀመረው። እኔ መኪና ስነዳ ልጄን የማወራት «ቀበቶሽን እሰሪ» ነው።

እንግሊዝኛው ለልጄ ከበድ ስላለ፣ በዓይኔ በእንግሊዝኛ እያነበብሁ በአፌ በአማርኛ ማውራት የእኔ ሥራ ሆነ። እንደ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ። የመጀመሪያው ማታ ላይ ነው ችግሩ የገባኝ። በእንግሊዝኛ ትንሹ ጀግናና ትልቁ ጠላት ስማቸው የተለያየ ነው፤ በእኛ ሁለቱም አይጥ ናቸው።

«አባዬ፣ አይጥ ከአይጥ ጋር ነው እንዴ የሚዋጋው?»

«አዎ፤ ግን ያኛው ትልቅ አይጥ ነው።»

«ታዲያ ዘመዳሞች ናቸዋ!»

ጠላቱን አይጠ መጎጥ አልሁት። ከሳሎን የእማዬ ድምፅ መጣ፦ «አይጠ መጎጥስ እንደዚያ አይደለም!» ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።

ከዚያ ፊቷ ላይ ነጭ መስመር ያላት፣ እንስሳቱ በሚኖሩበት ገዳም ካሉት ሁሉ በጉልበት የምትበልጥ፣ ስትቆጣ ሁሉም ዞር የሚልላት አንዲት ወፍራም እንስሳ መጣች። የእንግሊዝኛ ስሟን አውቀዋለሁ፤ በአማርኛ ምን እንደምትባል ጭንቅላቴን ብመታው አልወጣ አለኝ። «እትዬ» አልኋት። ልጄ ከሰፈራችን አንዲት እትዬን አስባ መሰለኝ ወዲያው ገባት፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያች እንስሳ አንድም ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም።

ፍልፈሎቹ አስቸገሩኝ። በመጽሐፉ ውስጥ ፍልፈሎች የሚናገሩት በገጠር አነጋገር ነው፤ እንግሊዝኛው ራሱ ታጥፎ ተጣሞ ነው የተጻፈው። ምን ላድርግ? የእማዬን የመንዝ አነጋገር ሰጠኋቸው። ሁለት ገጽ በደስታ ሄድሁ። ልጄ ብድግ ብላ ወደ ሳሎን ጮኸች፦ «እማማ! ፍልፈሎቹ ያንቺ ዘመዶች ናቸው!» ለሦስት ቀን እማዬ ከእኔ ጋር የተነጋገረችው በልጄ በኩል ነበር።

ስለ ፍልፈል ካነሳሁ አይቀር፣ ባሌ ሳነቴ ላይ ያለውን ሳልጠቅስ ባልፍ ይከፋኛል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም፤ ትልቁ አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ሣር ፍለጋ ሲወጣ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። የኋላውን ጉድጓዱ ውስጥ ትቶ፣ በፊቱ የደረሰበትን ይነቅልና ይዞ ይገባል። አንዲት ትንሽ ወፍ አጠገቡ ከተቆፈረው አፈር ነፍሳት ትለቅማለች፤ ቀይ ቀበሮ ሲመጣ እሷ ትጮኻለች፣ እሱ ይጠፋል። «የአይጥ ምስክር ድንቢጥ» ያለው ሰው ይህን ሳያይ አልቀረም። ድፍረት ከተባለ ይህ ግማሽ ድፍረት ነው፤ ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ቤት። እኔ ራሴ በሕይወቴ ከዚህ የራቅሁበትን ቀን አላስታውስም።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ጀግናው ማትያስ ይባላል። ገና ያልመነኮሰ፣ ሰንደሉ ሰፍቶት የሚያደናቅፈው ልጅ እግር አይጥ ነው። የገዳሙ አበምኔት በዓል ሊከበርላቸው ነው፤ ለግብዣው ዓሣ ይጠመዳል፤ ሥጋ የሚባል የለም። ይህን ስተረጉም እማዬ ሳታስበው ቀረብ ብላ ተቀመጠች።

«በጾም ነው?» አለች።

«ጾም አይደለም፤ ሥጋ አይበሉም እንጂ።»

«ዓሣውን ግን በሉ?»

«በሉ።»

«አይ! እነሱም እንደ አዲስ አበባ ሰው ናቸዋ» ብላ ተነሣች። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም በሚለው ክርክር እማዬ አቋሟን የምትለውጥ አይደለችም፤ አይጥ ቢመነኩስም።

ጦርነቱ ሲጀመር እንስሳቱ የገዳማቸውን ስም እየጠሩ ጠላት ላይ ይወረወራሉ። በአማርኛ «ሬድዎል!» ብዬ ብጮህ የሰፈር ስም ለረዳት የነገርሁ ነው የሚመስለው። አፌ ላይ የመጣልኝ «ዘራፍ!» ነበር። ይህን ማለት አልነበረብኝም። ልጄ አልጋው ላይ ቆመች። በማግስቱ ከወጥ ቤት ማማሰያ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ተደወለልኝ፤ ጠዋት ክፍል ሲገባ የእኔዋ «ዘራፍ!» ብላ ነው የገባችው፤ ከኋላዋ ያሉት ሃያ ልጆችም ተከትለዋት።

እማዬ ይህን ስትሰማ ጣልቃ መግባት እንዳለባት ወሰነች። «አይጥ ሞቷን ስትሻ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» አለችኝ። «ልጅቷን ምን እያስተማርሃት ነው?» እውነቷን ነው። እኛ አገር ደፋር አይጥ ማለት ራሷን የምትገድል አይጥ ናት። ያደግንበት ተረት ውስጥ ትንሽ እንስሳ አትፎክርም። ጥንቸል አንበሳን ጉድጓድ አፋፍ ወስዳ የገዛ ጥላውን ታሳየዋለች፤ ጦጢት አያ ጅቦን ታሞኘዋለች። ድል አድርገው ሲሄዱ እንኳ ቀስ ብለው ነው፣ ማንም ሳያያቸው። ፉከራው ለአንበሳ የተተወ ነው፤ እሱም ፎክሮ ፎክሮ ጉድጓድ ይገባል።

ይህን ለማጣራት አንድ ቀን «ግሩፋሎ» የተባለውን የጁሊያ ዶናልድሰን መጽሐፍ ለሁለቱም አነበብሁላቸው። እዚያ ያለው አይጥ ጎራዴ የለውም። ቀበሮው፣ ጉጉቱና እባቡ ሊበሉት ሲመጡ አንድ አስፈሪ ፍጡር ፈጥሮ ያስፈራራቸዋል፤ ፍጡሩ በእውነት ሲመጣ ደግሞ እሱንም ያታልለዋል። ደራሲዋ መነሻ ያደረገችው ቀበሮ በነብር ግርማ ስታስፈራራ የሚያወራ የቻይና ተረት ነው። እማዬ ጉልበቷን መታ መታ እያደረገች ሳቀች። «ይቺ የእኛ አገር አይጥ ናት!» አለች።

ስለ አይጥ እማዬ ዝም ብላ አታወራም። ያደገችው ጓሳ አጠገብ ነው። እዚያ ቀይ ቀበሮ ከጭላዳ መንጋ መካከል እንደ ዘመድ ገብቶ አይጥ ሲያድን አይታለች። ጭላዳዎቹ ዞር ብለው አያዩትም፤ ልጆቻቸውን አይነካባቸውማ። ተመራማሪዎችም ይህንኑ አይተው ጽፈዋል፤ ብቻውን ከሚያድንበት ይልቅ በመንጋው መካከል ሲሆን ይቀናዋል። ልጄ «የመንዝ አይጥ ጎራዴ አላት?» ብላ ጠየቀቻት። «የመንዝ አይጥ ጉድጓድ ነው ያላት» አለች እማዬ። «ጎራዴ ይዛ ጉድጓድ አይገባም።»

በዚያው ማታ ተራው የእሷ ሆነ። «ተረት ተረት።» «የላም በረት!» አይጦች ድመት ፈጀችን ብለው ተሰበሰቡ። በእማዬ አተራረክ ስብሰባው ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ሻይም አለው። አንዷ ተነሥታ «አንገቷ ላይ ቃጭል ብናስርላት ስትመጣ እንሰማታለን» አለች። ተጨበጨበ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አንድ ሽማግሌ አይጥ ከጥግ «መልካም፤ ቃጭሉን ማን ያስር?» አሉ።

«ከዚያስ?» አለች ልጄ።

«ከዚያማ ዝም ተባባሉ።»

«ከዚያስ?»

«ተበተኑ።»

«ድመቷስ?»

«በላቻቸዋ! ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።»

ልጄ አፏን አላበሰችም። «ማንም አላሰረም?» አለች፣ ደጋግማ። እኔ ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው፣ በሥራ ቦታም በየሳምንቱ ስሳተፍበት የኖርሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ እንዳለበት አስቤው አላውቅም። መሥሪያ ቤታችን የሚያንጠባጥበው ጣሪያ ለኃላፊው ይነገር ብለን የወሰንነው አምና ነው። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ባልዲውም ተገዝቷል።

ወተት አመላላሹስ ምን አደረገ? እሱም መጽሐፉ ውስጥ ደወል አለው። ትልቅ የገዳም ደወል። መጨረሻ ላይ ማትያስ ገመዱን ቆርጦ አይጠ መጎጡ አናት ላይ ይጥልበታል። የእኛዎቹ ስለ አንዲት ቃጭል ሲወያዩ የሊቨርፑሎቹ ሙሉውን ደወል አወረዱት። ይህን ያነበብሁላት ማታ ልጄ ብዙ አልተናገረችም። ቃጭሏን ትራሷ ሥር አድርጋ ተኛች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤቴ ወጥ ቤት «ኑግ ማን ደፋ?» ብላ ተጣራች። የጤፉ ከረጢት ሥር ጥቁር ጥቁር ፍሬ ተበትኗል። እማዬ ጎንበስ ብላ አየችና «ኑግስ አይደለም» አለች።

አይጡን በዓይናችን ያየነው በሁለተኛው ቀን ነው። ከምጣዱ ኋላ ብቅ አለ፤ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ቢመዘን የእሱን ያህል ይሆናል። ይህ ፍጥረት እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ካገኘ ይበቃዋል፤ አራተኛ ፎቅ መሆናችን ለእሱ ምንም አይደለም። እኔ ወንበር ላይ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ልጄ ግን ተንበረከከችና «ማትያስ!» አለችው።

መርዝ ገዛሁ። በሰፈራችን በየጠዋቱ በሞንታርቦ «የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን፣ የቁንጫ!» እያለ የሚያልፈውን ልጅ ጠርቼ፤ ሦስት ፓኬት። ዳቦ ውስጥ እንዴት እንደሚደረግ ሲያስረዳኝ ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር። ትንሽ ቆይቶ በራችን ተንኳኳ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ናት፤ ነጠላዋን እንደነገሩ ጣል አድርጋ፣ ፊቷ ተለዋውጦ። የአራት ዓመት ወንድ ልጇን እንቅ አድርጋ ይዛዋለች። ልጄን ደረጃ ላይ ስታለቅስ አግኝታ ምን ሆንሽ ብትላት፣ «አባዬ ማትያስን በዳቦ አድርጎ መርዝ ሊያበላው ነው» ብላታለች። የጎረቤታችን ልጅ ስሙ ማትያስ ነው።

ነገሩ በቡና በረደ፤ ሦስተኛው ሳይፈላ ግን አልበረደም። ባለቤቴም መርዙን አስጥላ «ልጅ ባለበት ቤት ሁለተኛ እንዳላይ» አለች። የቀረው ድመት ነው።

ድመት ያለው ባለሱቁ ነው። ትልቅ፣ ግራጫ፣ ጆሮዋ የተሸረፈ፣ ቀኑን ሙሉ ዱቄት ጆንያ ላይ ተኝታ ደንበኛ የምትገላምጥ ድመት። ባለሱቁ አቅማማ። «ለአንድ ሌሊት ብቻ ጋሼ» አለኝ። «የእኔዎቹም ይጠብቋታል።» በካርቶን ይዣት መጣሁ፣ ወጥ ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ልጄ አላለቀሰችም። ዝም ብላ የፀጉር ሪባኗን ስትፈታ አየኋት፤ ልትተኛ ነው ብዬ አሰብሁ።

ሌሊት መብራት ጠፋ። ይህችን ልጅ መብራት ሲጠፋ ሽንት ቤት የምናደርሳት ሁለት ሆነን ነው፤ አንዳችን ይዘናት፣ አንዳችን ሻማ ይዘን። ስንት ሰዓት እንደሆነ እንጃ፣ በእንቅልፌ ቃጭል ሰማሁ። ቅዳሴ ይሆናል ብዬ ተገላበጥሁ።

ጠዋት ወጥ ቤቱን ስከፍት ድመቷ መሐል ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። አንድ እርምጃ ሄደች፤ ቅጭል። ቆመች፣ ዞራ ኋላዋን አየች። ሌላ እርምጃ፤ ቅጭል። አንገቷ ላይ ሮዝ ሪባን፣ ሪባኑ ላይ የሜሪላንድ ቃጭል፣ ቋጠሮው ደግሞ የጫማ ክር ማሰር ገና የተማረ ልጅ ቋጠሮ፤ ስድስት ጊዜ የተደጋገመ። ማትያስ አልተያዘም። የጤፉ ከረጢት ሥር አዲስ ኑግ አለ።

«ማን ነው ያሰረው?» አልሁ።

ልጄ ክፍል ውስጥ እንደሚደረገው እጇን አወጣች። ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ሦስት ቀይ ጭረት ወርዷል።

በሳሙናና በውሃ ደህና አድርገን አጥበን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። እዚያ መርፌ ሲመጣ የተሰማውን ጩኸት መግለጽ ያቅተኛል። እኔና ባለቤቴ ይዘናት፣ አንዲት ነርስ ተጨምራ፣ ዘበኛውም ብቅ ብሎ አይቶ ሄደ። «ዘራፍ የት ሄደ?» ብላት በዚያ ሁኔታ ላይ ሆና ገላመጠችኝ።

እማዬ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀን ነበር። የልጄን ክንድ ይዛ በዳነው ዓይኗ ጭረቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

«በጨለማ?»

«በጨለማ» አልኋት።

«ድመቷ ዝም አለቻት?»

«ቧጨረቻት እንጂ።»

«እና አሰረቻት?»

«አሰረቻት።»

እማዬ ብዙ ቆየች። «ታዲያ እኔ ተረቱን እንዴት ብዬ ልጨርሰው ነው?» አለች።

ድመቷን ከነቃጭሏ መለስኋት፤ ማናችንም እንድንጠጋት ስላልፈቀደች ካርቶኑ ውስጥ የገባችው ዳቦና ወተት ተደርጎላት ነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ዳቦ ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ፣ ሊስትሮውና የግቢያችን ጥበቃ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው በከባድ ነገር ይመክራሉ። ከዱቄቱ ጆንያ ላይ ቅጭል ቅጭል ይሰማል። የሱቁ አይጦች ከሰሞኑ እንደ ጉድ በዝተዋል። ቃጭሏ ትፈታ በሚለው ሦስቱም ተስማምተዋል።

«ማን ይፍታላት ነው እንግዲህ ጋሼ?» አለኝ ባለሱቁ፤ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ።